የጋሽ ደረጄ ጣሪያ

አስቀድሞ የሚዘጋጅ ሰው ጎረቤታችሁ ከሆነ፣ በእሱ ከመሳቅ የሚቀል ነገር የለም። በጠራራ ፀሐይ ጃንጥላ ይዞ የሚወጣውን፣ በበጋ ሙቀት የበረዶ አካፋ የሚገዛውን ሰው ታውቁት የለ? ደግነቱ፣ እንዲህ ያለ ሰው ሲስቁበት ዝም ይላል። ክፋቱም እሱ ነው። መልስ ያልሰጠ ሰው ላይ የሳቁት ሳቅ ቆይቶ ራስን ይቆረቁራል።

እኛ አሜሪካ፣ ብሩክሊን ሴንተር በምትባል ከተማ ውስጥ የምንስቅባቸው ጋሽ ደረጄ ነበሩ። ከሆስፒታል ሥራ ጡረታ የወጡ፣ ከእኛ ሁለት ቤት አልፈው ብቻቸውን የሚኖሩ ዝምተኛ ሰው ናቸው። ከሦስት ዓመት በፊት ጣሪያቸውን በሶላር ፓኔል ሸፈኑት፣ ጋራዣቸው ግድግዳ ላይም የቁም ሳጥን በር የሚያህል ባትሪ አሰቀሉ። ያን ሰሞን ከቤተ ክርስቲያን ስንወጣ፣ ሰው እንዲሰማኝ ድምፄን ከፍ አድርጌ፣ "ጋሼ፣ አሜሪካ ውስጥ መብራት ይጠፋል ብለው ነው? ይሄ እኮ ሳይቸግር ጤፍ ብድር ነው!" አልኳቸው። ሰው ሳቀ። እሳቸውም ፈገግ አሉና፣ "የአማትህ የኦክስጅን መሣሪያ ስንት ዋት ይወስዳል?" ብለው ጠየቁኝ።

አማቴ ወይዘሮ ጥሩነሽ ሳንባቸው ስለደከመ ከዚያ መሣሪያ አይለዩም። ጥያቄው ግን ምን አገናኘው? ሰውዬው የያዛቸው ነገር አለ ብዬ፣ ለደግነት ያህል ከመሣሪያው ጀርባ የተጻፈውን አንብቤ ነገርኳቸው። ረሳሁት።

ዘንድሮ በመጋቢት ማለቂያ፣ የአሜሪካው ክረምት ወጣልን ብለን ወፍራሙን ጃኬት በሰቀልን ማግስት፣ እንደ ጭቃ የሚከብድ እርጥብ በረዶ ሲወርድ አደረ። ማለዳ ላይ የመንገዳችን ትልቁ ዛፍ የመብራት ሽቦውን ይዞ ወደቀ። ፍሪጁ ዝም አለ፣ የቤት ማሞቂያው ዝም አለ። የአማቴ መሣሪያ ብቻ አንዴ ጮኸና እሱም ዝም አለ።

መጠባበቂያ የኦክስጅን ሲሊንደር ነበረን፤ የጥቂት ሰዓት ብቻ። ለመብራት ድርጅቱ ስንደውል "ምናልባት ነገ" አሉን። መኪናችን ደግሞ ከወደቀው ዛፍ ጀርባ ታግታለች። ሲሊንደሩ ላይ ያለችው የመለኪያ መርፌ ወደ ዜሮ ትወርዳለች። ባለቤቴ ሰናይት መስኮቱ ጋ ቆማ ነበር።

"የጋሽ ደረጄ ቤት ይበራል!" አለች።

በረዶውን እስከ ጉልበቴ እየረገጥኩ ስሄድ ይቅርታውን ከየት እንደምጀምር አስብ ነበር። ገና ሳላንኳኳ በሩ ተከፈተ።

"ሰሎሞን፣ ሴትዮዋ የታሉ? አልጋ አንጥፌ እየጠበቅሁ እኮ ነው!"

አማቴን በብርድ ልብስ ጠቅልለን፣ ሲሊንደራቸውን አዝለን፣ ከነወንበራቸው ተሸክመን አመጣናቸው። መሣሪያው ተሰካ፤ እያጉረመረመ ተነሳ። የአማቴ ከንፈር መልኩ ሲመለስ ሰናይት ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ አለቀሰች።

ጋሽ ደረጄ ትርፍ ገመድ እንዳመጣ ወደ ጋራዡ ሰደዱኝ። ባትሪው አጠገብ ዳር ዳሩ የቆሸሸ ወረቀት ተለጥፏል፤ መብራት ሲጠፋ ምን ምን እንደሚሠራ በተራ የተጻፈበት። የመጀመሪያው መስመር "የወይዘሮ ጥሩነሽ ኦክስጅን" ይላል። ከጎኑ እኔ የነገርኳቸው ዋት አለ። የቤታቸው ማሞቂያ ሁለተኛ ነው። እኔ የሳቅሁ ቀን፣ እሳቸው አማቴን ከራሳቸው ብርድ አስቀድመዋቸው ነበር። ገመዱን ጠቅልዬ ይዤላቸው ገባሁ።

በማግስቱ ፀሐይዋ ወጣች፤ ወጥታ ግን ምን ትሠራለች? ፓኔሎቹ በረዶ ተከናንበዋል። ባትሪው ከመቶ ወደ አሥራ ስምንት ወርዷል። ጋሽ ደረጄን ጉልበታቸውን ስለሚያማቸው ረጅሙን የጣሪያ መጥረጊያ እኔ ተቀበልኳቸውና ከመሬት ሆኜ በረዶውን መሳብ ጀመርኩ። ግማሹ መሬት፣ ግማሹ አንገቴ ውስጥ ይገባል።

"ቀስ! መስታወቱን እንዳትጭረው!" ይላሉ በመስኮት። ጥቁሩ ፓኔል ብቅ ሲል ስልካቸው ላይ የሚያዩትን ቁጥር ይጠሩልኝ ጀመር። "አሥራ ዘጠኝ! ሃያ አንድ! በርታ!" አማቴ ከውስጥ፣ ከቱቦው ሥር፣ ባላቸው ትንፋሽ እልል አሉ። በሕይወቴ እንደዚያ የተጨበጨበልኝ ሥራ የለም።

ከሰዓት በኋላ ቤቴን ልይ ብዬ ስሄድ ማሞቂያዬ ይሠራል፤ የመንገዱ ቤቶች ሁሉ በርተዋል። እየሮጥኩ ተመለስኩ። ባትሪ ያለበት ቤት መብራቱ መመለሱ አያስታውቅም። ጋሽ ደረጄ ካፖርታቸውን እንደለበሱ፣ የቤቱን ማሞቂያ ዝቅ አድርገው፣ አማቴ አጠገብ ወንበር ላይ ኩርምት ብለዋል።

"ጋሼ፣ መብራት መጣ እኮ! ጎረቤት እንደነገረኝ ከመጣ ሁለት ሰዓት አልፎታል።"

ቀና ብለው ኮስተር ብለው አዩኝ። ይቅርታዬን አሁን ልጀምር ስል ቀደሙኝ።

"ታዲያ ሰው አይናገርም? ባትሪው ለእሳቸው ይብቃ ብዬ፣ ከትናንት ጠዋት ጀምሮ ሻይ ሳላፈላ!"