ዜና እትዬ ቀለም፦ የዲዛይን ሶፍትዌሩን እንደምን እንደ ገዙ

በዘመነ ነጻ ሙከራ፣ ሙከራው ለሠላሳ ቀን ብቻ የተፈቀደ ሆኖ ሳለ በነገሠ በአራተኛው ዓመት፣ ሠዓሊተ ካርድ፣ ንግሥተ ባነር፣ መዋዒተ ቸኳይ ደንበኛ የተባሉት እትዬ ቀለም በማተሚያ ቤታቸው ወንበር ተቀምጠው ሳሉ የሆነው እንዲህ ነው። ሠራዊታቸውም መቀስ ከእጁ የማይለይ ቆራጭ፣ የገንዘብ መሳቢያውን ቁልፍ በአንገቷ ያንጠለጠለች ታናሽ እህታቸው፣ ቀለም ሲጎድለው የሚያቃስት ማተሚያ፣ አንድ እግሩም በካርቶን የተደገፈ ጠረጴዛ ነበሩ።

የቤቱም ሥርዓት ይህ ነበር። የዲዛይን ሶፍትዌሩ ሠላሳውን ቀን ቆጥሮ «ክፈሉ» ባለ ጊዜ ቆራጩ ተነሥቶ የኮምፒውተሩን ቀን ወደ መጀመሪያው ሰኞ ይመልሰዋል፤ ሶፍትዌሩም፣ ምስኪን፣ ገና ዛሬ የመጣ እየመሰለው ሥራውን ይቀጥላል። ስለዚህ ውጭ ያለው ሕዝብ ሲያረጅ፣ ኮምፒውተሩ ያንኑ አንድ ወር አርባ ስምንት ጊዜ ኖረ።

እትዬ ቀለምም አንዳንዴ ይገዛ ወይስ ይቅር ብለው ሸንጎ ይጠሩ ነበር። እህታቸው «በየወሩ ለመክፈል የቤት ኪራዩ ይበቃናል! ቀኑ ይመለስ!» ስትል ታውጃለች፤ ቆራጩም «እስካሁን ማን ሞተ!» ብሎ ያጸናላታል፤ ሸንጎውም ይበተናል።

ወእምዝ፣ እትዬ ቀለምን ፊደል ያስቆጠሩ መምህርት ከአርባ ዓመት ማስተማር በኋላ ጡረታ ሊወጡ ሆነ፤ እትዬ ቀለምም «የመምህርቴን ባነር የምሠራው እኔ ነኝ፤ ማንም እንዳይነካብኝ!» ሲሉ አወጁ። በሠላሳኛው ቀን ረቂቁን ሠሩ፤ በማግሥቱ ቆራጩ ቀኑን ስለ መለሰው፣ ያን ዕለት የተጠናቀቀው ሥራ በአንደኛው ቀን ተመዘገበ። ኮምፒውተሩም ረቂቁ ኋላ የተሠራ መስሎት ከላይ ደረደረው፤ እሳቸውም እንደ ልማዳቸው ከላይ ያለውን አሳተሙ፤ ሰዓቱ ደርሶ ነበርና ሳይገልጡት ጠቅልለው ላኩት።

በመምህርቲቱ መሸኛ አዳራሽም ሕዝብ በተሰበሰበበት ባነሩ ተዘረጋ፤ ርዝመቱ ስድስት ሜትር፣ ቀለሙ ዓይን የሚያበራ፣ ጽሑፉም «ውድ መምህርታችን እዚህ ጋ ስም ይገባል፣ መቼም አንረሳዎትም» የሚል።

አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። እትዬ ቀለም ግን መሬት ተከፍታ ብትውጣቸው በወደዱ፤ በዕድሜያቸው እንደዚያን ቀን አፍረው አያውቁም፤ የዘለሉት የገዛ ስማቸውን መጻፍ ያስተማሯቸውን ሴት ስም ነውና። መምህርቲቱም መነጽራቸውን አድርገው ባነሩን ከዳር እስከ ዳር አነበቡ፤ ከቦርሳቸው ቀይ ማርከር አወጡ፤ ከግርጌውም ይህን ዐዋጅ ጻፉ፦ «ስም ጎድሏል። ከአሥር ስድስት። አርመሽ ነገ አምጪ።»

ያን ጊዜ እትዬ ቀለም ወደ ማተሚያ ቤታቸው ገሰገሱ፤ ቆራጩና እህታቸውም አንገታቸውን ደፍተው ተከተሉ። እትዬ ቀለምም በወንበራቸው ተቀምጠው «ከዛሬ ጀምሮ ቀኑ ቀን ይሁን! ሶፍትዌሩ ይገዛ!» ሲሉ አወጁ። እህታቸው ልትከራከር አፏን ከፍታ ነበር፤ ነገር ግን እሷንም ያስተማሯት እኚሁ መምህርት ስለ ነበሩ ቁልፉን ከአንገቷ አወለቀች። የእትዬ ቀለም ጣትም «ግዛ» ወደሚለው ሦስት ጊዜ ቀርቦ ሦስት ጊዜ ሸሸ፤ በአራተኛው ዓይናቸውን ጨፍነው ተጫኑት። ቆራጩ ትክክለኛውን ቀን ባስገባ ጊዜ አራት ዓመት በአንድ ጊዜ አለፈ፤ ኮምፒውተሩም ደንግጦ ሁለት ሰዓት ሙሉ ራሱን ሲያድስ ቆየ።

በማግሥቱ የታረመውን ባነር ተሸክመው የመምህርቲቱን በር አንኳኩ። ሳሎኑ ሦስት ሜትር ብቻ ስለ ነበር ባነሩ ጥጉ ላይ ታጥፎ፣ በመስኮቱ ላይ አልፎ ሄደ፤ የመምህርቲቱም ስም ከወጥ ቤቱ በር በላይ አረፈ። መምህርቲቱ ከሥሩ ቆመው፣ አርባ ዓመት በክፍል ውስጥ የሰው ልጅ ስም በጠሩበት ድምፅ የገዛ ስማቸውን ጠሩ፤ ጥቂት ጠብቀውም ራሳቸው «አለሁ!» ሲሉ መለሱ። እትዬ ቀለምም አለቀሱ።

ክብርና ጤና ለእትዬ ቀለም፣ ለዐቃቢተ ስም፣ ለአራሚተ ስሕተት፣ ከቆራጫቸውና ከእህታቸው ጋር ይሁን፤ ጣታቸው የደፈረባት ያች ዕለትም ከታላላቆቹ ዕለታት ጋር ትቆጠር።