ጋሼ አልአዛር እና የጥሞናው ሰሞን

ከሁሉ አስቀድሜ ይቅርታ እጠይቃለሁ። እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ እንጂ ጸሐፊ አይደለሁም። እስከ ዛሬ በእጄ ከጻፍኩት ሁሉ ረጅሙ «ሱሪ፣ ማሳጠር፣ ለቅዳሜ» የሚል፣ ልብስ ላይ በስፒል የሚያዝ ብጣሽ ወረቀት ነው። ፊደል የለየሁትም ካደግኩ በኋላ በማታ ትምህርት ነው። ስለዚህ ስሕተት ብታገኙ በልባችሁ አርማችሁ እለፉኝ። እኚህን ሰውዬ ሌላ ሰው ይጽፋቸዋል ብዬ ብዙ ጠበቅኩ። ማንም አልጻፋቸውም። እንግዲህ ምን ላድርግ።

በአገራችን ሹመቱ ያልደረሰው ሹም የሌለበት ሰፈር የለም። ሰውየው በራሱ ዘንድ ከተሾመ ቆይቷል፤ የቀረው ሌላው ሰው እንዲሰማ ብቻ ነው። አረማመዱ የሹም ነው። ቧንቧ ሲፈነዳ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ቆሞ ያያል፤ መብራት ሲጠፋ «ነግሬያቸው ነበር» ይላል። እኛ ሐዋሳ፣ ባህል አዳራሽ አካባቢ ያለን ሰዎች የደረሱን ክቡር አቶ አልአዛር ናቸው። እኔ ጋሼ አልአዛር እላቸዋለሁ። የቀረው ሰው ግን ሊያሾፍባቸው ፈልጎ «ርዕሰ መስተዳድር!» ብሎ ይጠራቸዋል። እሳቸውም ዞር ብለው «አቤት» ይላሉ።

ጡረታ እስኪወጡ ድረስ የውሃ ቆጣሪ አንባቢ ነበሩ። ሌላው ፖለቲከኛ ሕዝቡን ከመድረክ ላይ ሆኖ ነው የሚያየው። ጋሼ አልአዛር ግን ያዩት በየግቢው ገብተው፣ በየጓሮው ጎንበስ ብለው ነው። የማን ውሻ ሳይጮህ እንደሚናከስ፣ የማን ቧንቧ እንደሚያንጠባጥብ፣ ማን ከማን ጋር በግድግዳ እንደተጣላ ያውቃሉ። ይህን ሁሉ ካወቅኩ ክልሉን ለመምራት ምን ጎደለኝ ብለው ተነሡ።

ለርዕሰ መስተዳድርነት ግን መጀመሪያ የክልሉ ምክር ቤት ውስጥ መግባት ያስፈልጋል፤ ከዚያ ነው ምክር ቤቱ የሚመርጠው። ጋሼ አልአዛር ፓርቲ የላቸውም። ብቻቸውን፣ በግል ነው የሚወዳደሩት። አንድ ቀን ፈራ ተባ እያልኩ፣ ቢገቡስ እንኳ እዚያ ያለው ሁሉ የሌላ ፓርቲ ሰው አይደለም ወይ አልኳቸው። 

«ኑሪ፣» አሉኝ፣ «እኔ አንዲት ወንበር ላግኝ። የቀሩትን ሻይ ላይ አሳምናቸዋለሁ።»

የመጀመሪያ ጊዜ ሲወዳደሩ ሐዋሳ የደቡብ ክልል ዋና ከተማ ነበረች። ተሸነፉ። ከዚያ ሲዳማ ራሱን የቻለ ክልል ሆነ፤ ሌላውም በየተራው የየራሱን ይዞ ወጣ። ጋሼ አልአዛር ከተወዳዳሪነታቸው ንቅንቅ አላሉም። «አየህ፣ ክልሉ ወደ እኔ ልክ እየጠበበ ነው» አሉኝ። ለልብስ ሰፊ የሚገባ አነጋገር ነው። ደግመው ተወዳደሩ፣ ደግመው ተሸነፉ።

የፖለቲካ ታሪካቸውን ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም፤ ምክንያቱም አንድ የምርጫ ሱፍ አላቸው። ግራጫ ነው። ምርጫ በመጣ ቁጥር ይዘውት ይመጡና «ትንሽ ፈታ አድርጋት» ይሉኛል። ወገቡን እፈታለሁ። ሌሎች ዘመን የሚቆጥሩት በምን እንደሆነ አላውቅም፤ እኔ የምርጫ ዘመን የምቆጥረው በጋሼ አልአዛር ወገብ ነው።

የምርጫ ምልክታቸው ጀሪካን ነው። እንደ እኔ ቶሎ ማንበብ የማይሆንለት ሰው ተወዳዳሪውን የሚለየው በምልክቱ ነውና ጥሩ ሐሳብ ነበር። ይህን ይዘው ቱላ ድረስ ሄደው ቀሰቀሱ። ቱላ እሳቸው የሚወዳደሩበት የምርጫ ክልል አይደለም፤ ርዕሰ መስተዳድር የሁሉም ነው ብለው ነው። ሰዉ በሰልፍ ወጣላቸው። ዓይናቸው እንባ አቀረረ። ንግግሩ ሲያበቃ ግን ሰልፉ አልበተን አለ፤ ኋላ አንዲት እናት ቀረብ ብለው፣ ጀሪካኑ የሚታደለው መቼ ነው ብለው ጠየቁ። ጋሼ አልአዛር ያው የሁልጊዜ መልሳቸውን ሰጡ። «ጉዳዩ ተይዟል።»

ደግሞ አንድ አመል አላቸው። ሠርግ ላይ ምርቃት ሲሰጡ፣ ጸሎት ቤት ምስክርነት ሲናገሩ፣ የጎረቤት ፍየል ሲጠፋ እንኳ፣ «እኔ አልአዛር» ሳይሉ ዓረፍተ ነገር አይጨርሱም። «እኔ አልአዛር ይህችን ፍየል ትናንት አይቻታለሁ።» ሰዉ ስማቸው የሚመጣበትን ቦታ ጠብቆ አብሯቸው ይላል።

እስካሁን ያወራሁት ለሳቅ ነው። ዘንድሮ ግን ነገሩ ሳቅ አልነበረም። በጋ ላይ ውሃ ጠፍቶብን በሰነበተ ጊዜ የሰፈሩን አዛውንቶች ይዘው ቢሮ ለቢሮ የዞሩት እሳቸው ናቸው። ውሃው መጣ። በእሳቸው ይምጣ በራሱ አይታወቅም፤ ግን መጣ። ከዚያ በኋላ ሰዉ አስተያየቱ ተለወጠ። የዋናው ተፎካካሪያቸው የአቶ ክብሩ ሰዎች በጋሼ አልአዛር መሳቅ ተዉ። መሳቅ ሲተዉልህ መፍራት ጀምረዋል ማለት ነው። ባለቤታቸው እትዬ ጽጌሬዳ እንኳ፣ በዚህ ሁሉ ዘመን አንድም ቀን ቅስቀሳ ያልወጡት፣ የባላቸውን ፎቶ በገዛ እጃቸው በሩ ላይ ለጠፉ። ዕድሜያቸው ገፍቷል። ይህ ካመለጣቸው ሌላ ዕድል እንደሌለ እኛም እናውቃለን፣ እሳቸውም ያውቃሉ።

ከድምፅ መስጫው በፊት ያሉት አራት ቀናት የጥሞና ጊዜ ይባላሉ። ቅስቀሳ የለም። ተወዳዳሪ በእነዚያ ቀናት ድምፅ ማጉያ ይዞ ቢወጣ እስከ መሰረዝ ሊያደርሰው እንደሚችል የምርጫ ቦርድ ሰዎች በስብሰባ ነግረዋቸዋል። ለጋሼ አልአዛር ይህ ጥሞና ሳይሆን ሕመም ነበር። ከእኔ በረንዳ ላይ ተቀምጠው አላፊ አግዳሚው ሰላም ሲላቸው ራሳቸውን ብቻ ይነቀንቃሉ። ደህና ነኝ ማለትም ቅስቀሳ ይሆንብኛል ብለው ሰጉ። ሰዉም ይህን አውቆ ሆን ብሎ እያቆመ የክልሉን ችግር ይጠይቃቸዋል። የአንገታቸው ሥር ሲያብጥ ይታየኛል።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት እትዬ አባይነሽ አረፉ።

እትዬ አባይነሽ መናኸሪያው በር ላይ ቆሎ ይሸጡ ነበር። ልጅ የላቸውም፣ ዘመድ የላቸውም፤ ያላቸው እድራችን ብቻ ነው። «እኔን ማን ይቀብረኛል?» ይሉ ነበር ሁልጊዜ። እድሩ ስንላቸው፣ «እድሩ ካልሰማስ?» ይላሉ። ሰው ሳይሰበሰብላቸው በጥቂት ሰው ተይዘው መሄድን ነበር የሚፈሩት።

የእድራችን ሊቀ መንበር ጋሼ አልአዛር ናቸው። በድምፅ ማጉያ እየዞረ ለቅሶ የሚያስነግረው ሰውዬ ደግሞ ልጁን ሊድር ይርጋለም ሄዷል። ኮሚቴው የእኔ በረንዳ ላይ ተሰበሰበ። ቀብሩ ለስምንት ሰዓት ተቆርጧል። ጸሐፊው በስልክ እንደውል አለ፤ ተደወለ፤ ግማሹ ዝግ ነው፣ ግማሹ ቁጥሩን ቀይሯል። ጸሐፊው ራሱ የእድሩን ድምፅ ማጉያ ይዞ እንዲወጣ ተጠየቀ። የመንግሥት ሠራተኛ ነኝ፣ በዚህ ሰሞን ድምፅ ማጉያ ይዤ አልታይም አለ። ከዚያ ዓይን ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። ድምፅ ማጉያውን አፌ ላይ ደገኑልኝ። ሞከርኩ። ከስፌት መኪናዬ ያነሰ ድምፅ ወጣ። አነሡልኝ፤ ማንም አልሳቀም።

ጋሼ አልአዛር ብድግ አሉ።

እትዬ ጽጌሬዳ መንገዱን ተሻግረው መጥተው ፊታቸው ቆሙ። «ዛሬና ነገ ብቻ ነው የቀረህ። ሁለት ቀን አፍህን መያዝ ያቅትሃል?»

«እሳቸው ሁለት ቀን አይጠብቁም፣ ጽጌ።»

የአቶ ክብሩ ወኪል ኢያኤል የሰፈራችን ልጅ ነው፤ ጋሼ አልአዛር ትከሻ ላይ ተቀምጦ ነው ያደገው። አንገቱን ደፍቶ ቀረበና ስልኩን አውጥቶ አሳያቸው። «ጋሼ፣ ይዘው ከወጡ እቀርጻለሁ። ቀርጬም አመለክታለሁ። ሥራዬ ነው፣ አይቀየሙኝ።»

«ቅረጽ» አሉት። «ጥርት አድርገህ ቅረጽ።»

ወጡ። ከፊት ጋሼ አልአዛር፣ ከኋላ ስልኩን ከፍ አድርጎ ኢያኤል፣ ከዚያ ኋላ እኔ። ለምን እንደተከተልኩ አላውቅም። መጀመሪያ በሲዳምኛ፣ ቀጥለው በአማርኛ ነበር የሚጣሩት። «የሰፈራችን ሰው ስሙ። ቆሎ ሻጯ እትዬ አባይነሽ ዐርፈዋል። ዘመድ የላቸውም። ዘመዳቸው እኛ ነን። ቀብሩ ዛሬ ስምንት ሰዓት ነው። የሰማህ ላልሰማ ንገር።» በየመታጠፊያው ይህችኑ ይላሉ። እኔ በየዓረፍተ ነገሩ መጨረሻ «እኔ አልአዛር»ን እጠብቃለሁ። አንድ ልጅማ ለምዶት ስማቸው የሚመጣበት ቦታ ላይ አፉን ከፍቶ ጠበቀ። አልመጣም።

ስምንት ሰዓት ላይ መንገዱ ሞላ። ሱቆች ተዘጉ። ባጃጆች ቆሙ። ወደ መቃብሩ በሚወስደው መንገድ ላይ ቦዩን የሚያሻግረው ድልድይ በሰሞኑ ዝናብ ወድቆ ስለነበር ተሸካሚዎቹ ሬሳውን ይዘው እስከ ጉልበታቸው ጭቃ ውስጥ ገቡ። አንዱ ተንሸራተተ። ያን ጊዜ ኢያኤል ስልኩን ኪሱ ከቶ ገባና የቃሬዛውን ያንን ማዕዘን በትከሻው ያዘ። ጋሼ አልአዛር የወደቀውን ድልድይ አዩ፤ ሕዝቡን አዩ፤ አፋቸውን ከፈቱ። በሌላ ቀን ቢሆን ያ ድልድይ ግማሽ ሰዓት ያናግራቸው ነበር። መልሰው ገጠሙት።

ኢያኤል ግን ቃሉን ጠበቀ፤ በማግስቱ አመለከተ። እኔን ምስክር ብለው ወሰዱኝ፤ ምንም እንዳልጠየቅ እየጸለይኩ ጥግ ይዤ ተቀመጥኩ። የምርጫ ኃላፊው ቀረጻውን ከዳር እስከ ዳር ሰማ። ደግሞ ከፈተው። ከዚያ ቅስቀሳው የቱ ጋ እንደሆነ ኢያኤልን ጠየቀው። ኢያኤል አሰበ አሰበና የሰውየው ድምፅ ራሱ ቅስቀሳ ነው አለ። ይህ እውነት ነው። ግን ስማቸው የለም፣ ምልክታቸው የለም፣ ምረጡኝ የሚል የለም።

ኃላፊው ወደ ጋሼ አልአዛር ዞረ። «ሊሰረዙ እንደሚችሉ ያውቁ ነበር?»

«አውቃለሁ።»

«ታዲያ ለምን ወጡ?»

«ሰው ሞቷላ።»

በማስጠንቀቂያ ታለፉ። ድምፅ ማጉያው ግን ምርጫው እስኪያልፍ እዚያው ታሰረ።

እዚህ ላይ ቢያበቃ ጥሩ ነበር። አላበቃም። ጋሼ አልአዛር ተሰርዘዋል የሚል ወሬ ራቅ ያሉት የምርጫ ጣቢያዎች ደረሰ። ማን እንዳስወራው አይታወቅም። ኢያኤል እኔ አይደለሁም ብሎ ማለልኝ፣ አምኜዋለሁ። ወጥተው አልተሰረዝኩም እንዳይሉ፣ ጥሞና ነው፤ ማስተባበልም ቅስቀሳ ነው። ዝም ብለው ተቀመጡ። በድምፅ መስጫው ቀን እኛ ጣቢያ ላይ ቀብሩ የደገመ እስኪመስል ሰው ወጣ። ውጤቱ ግድግዳው ላይ ሲለጠፍ፣ በእኛ ጣቢያ ጀሪካን ሁሉንም አስከንድቷል። የሌሎቹ ጣቢያዎች ሲመጣ ግን አቶ ክብሩ አለፉ።

ውጤቱ በታወቀበት ቀን እትዬ ጽጌሬዳ ግራጫውን ሱፍ በክንዳቸው አድርገው ሱቄ ገቡ። ከእንግዲህ ፈታ አድርግልኝ ካለህ ጨርቁ አልቋል በለው አሉኝ። እሺ አልኩ። ጨርቁ አላለቀም። ወገቡን በፈታሁ ቁጥር ሳልነግራቸው ለሚቀጥለው ምርጫ የሚበቃ ጨርቅ ከውስጥ እተዋለሁ፤ ለማንም ሌላ ደንበኛ እንዲህ አላደርግም። እትዬ ጽጌሬዳ ስፌቱን ገልበጥ አድርገው በጣታቸው ዳሰሱት። የተረፈውን አዩ። እኔንም አዩኝ። ከዚያ ሱፉን አጣጥፈው ይዘውት ሄዱ።

በማግስቱ ጠዋት ሱቄን ልከፍት ስመጣ ጋሼ አልአዛር ያንኑ ሱፍ ለብሰው፣ ተላጭተው ቆመዋል። ወዴት ነው አልኳቸው። አቶ ክብሩን እንኳን ደስ ያለህ ልለው ነው አሉኝ። ሱቁን ሳልከፍት ተከተልኳቸው።

የአቶ ክብሩ በር ላይ ያለው ጥበቃ፣ ጌታዬ ማታ በደስታ ሲያመሹ ስለነበር ገና አልተነሡም አለ። ሲነሡ የምነግራቸው መልእክት ካለ ይንገሩኝ አለ።

«እንኳን ደስ ያለህ በልልኝ» አሉ ጋሼ አልአዛር። «አስከትለህ፣ ወደ መቃብር የሚወስደው ድልድይ ወድቋል፤ መራጮችህ ሬሳ ይዘው ጭቃ ውስጥ እየገቡ ነው፤ ሥራ ስትጀምር ከእሱ ጀምር በልልኝ።»

ጥበቃው ይህንንስ እኔ ልነግራቸው አልደፍርም፣ ከሰዓት በኋላ ተመለሱ አለ።

ጋሼ አልአዛር ኮታቸውን ቆለፉና የቆርቆሮውን በር በመዳፋቸው መደብደብ ጀመሩ። እኔ በሰው በር ላይ ቆሜ ድምፅ አሰምቼ የማላውቅ ሰው፣ ትንሽ ዙሪያዬን ተመለከትኩ። ከዚያ ከጎናቸው ቆሜ አብሬ መታሁ።