ሊቀ ጉበት ኪዳነና የእናቴ በርበሬ

አምስት አበሻ በተሰበሰበበት አገር ሁሉ፣ ሳይጠየቅ የሚያስተምር አንድ ሊቅ አይጠፋም። የሌላው ከተማ ሊቅ ስለ ደርግ ዕድሜ ይተነብያል፣ ስለ መኖሪያ ፈቃድ ይተነትናል። ለእኛ ለሮማዎቹ የደረሱን ግን የጉበት ሊቅ ናቸው፤ ክቡር ሊቀ ጉበት ዶክተር ኪዳነ።

ሐሙስ ከሰዓት የቤት ሠራተኛ ዕረፍት ስለሆነ ቴርሚኒ ባቡር ጣቢያ ፊት ለፊት እንሰባሰባለን። ሊቀ ጉበትም አይቀሩም። "እንደምን ሰነበትሽ" ብሎ ነገር የለም፤ የታችኛውን የዓይን ቆብ በአውራ ጣታቸው ሳብ አድርገው "ዓይንሽን ልየው" ይላሉ። ነጩ ቢጫ አለመሆኑን ሲያረጋግጡ ብቻ እጅ ይጨብጣሉ። ጓደኛዬን ሙሉመቤትን እጮኛዋ ፊት እንዲህ አድርገዋት፣ ሰውየው "በሽተኛ ልትድሩኝ ነው?" ብሎ ሊቀር ምንም አልቀረው።

"ጉበት ጨዋ ነው" ይላሉ ሲወቀሱ። "እስኪሞት አይጮህም። እኔ ልጩህለት እንጂ!"

አባታቸው በወፍ በሽታ ሲሞቱ እሳቸው የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ነበሩ። "ለምን?" ብለው ቢጠይቁ የመለሰላቸው የለም። በስድሳ ስድስት ዓ.ም. ለሁለት ዓመት ትምህርት ሮማ መጡ፤ መንግሥት ተለወጠ፣ ቀለባቸው ተቋረጠ፤ ጥያቄው ግን አልተቋረጠም። የላቦራቶሪ ብልቃጥ እያጠቡ ተማሩ። የጉበት ሴል "ይበቃሃል" ሲባል መባዛቱን ማቆም አለበት፤ አንዱ ለምን አልሰማም ብሎ ካንሰር ይሆናል? ይህችን አንዲት ጥያቄ ይዘው ዘጠኝ ዓመት! ስደነቅ "አሎራ፣ እንግዲህ ገና መጀመሬ ነው" አሉኝ። እኔ ለባል እንኳ ይህን ያህል አልታገሥኩም።

ዋናው ተጠርጣሪያቸው ሻጋታ ነው። የሻጋታ መርዝ ሴሉ ውስጥ ገብቶ ያንን ትእዛዝ ያበላሻል ይላሉ። "ጠርጥር፣ ከገንፎ መሀል አለ ስንጥር" እያሉ፣ ከአገር ቤት ከመጣ ሽሮና በርበሬ ሁሉ ለምርመራ በሻይ ማንኪያ ይቀርጣሉ። ከጉምሩክ ያመለጠ ከሊቀ ጉበት አያመልጥም።

በሰባ አምስት ዓ.ም. እናቴ ሞተች። ፓስፖርቴ ስላልታደሰ ለቅሶ እንኳ አልደረስኩም። ከሁለት ወር በኋላ፣ ሳትሞት በመርከብ የላከችልኝ ሁለት ኪሎ በርበሬ መጣ። በእጇ የደለዘችው የመጨረሻው ነው። ሊቀ ጉበት ማንኪያቸውን አውጥተው ቀረጡ። በሳምንቱ መጡና "እህቴ፣ ሻግቶብሻል፣ ይህ አይበላም" አሉኝ።

"የእናቴ እጅ መርዝ አይሆንም!" ብዬ አደባባዩ ላይ ጮህኩባቸው። "እበላዋለሁ! ከገደለኝም ይግደለኝ!"

 ሊቀ ጉበት "አራት ሳምንት በአደራ ስጪኝ" አሉ። ድምፃቸው የሐኪም ሳይሆን አባቱ የሞተበት ልጅ ድምፅ ነበር፤ ሰጠኋቸው።

በአራተኛው ሐሙስ ላቦራቶሪያቸው ወሰዱኝ። ክፍሉን አጨልመው ሐምራዊ መብራት አበሩ። መስታወት ላይ የተደረደሩት ነጠብጣቦች ሰማያዊ ሆነው ቦግ አሉ። ሰው የሚገድል ነገር እንዲህ ያምራል ብዬ አስቤ አላውቅም።

"ይህ መርዙ ነው" አሉ። ሌላ መስታወት አስገቡ፤ ምንም አልበራም።

"ይህስ?"

"ይህ የእናትሽ ነው።"

በርበሬውን ከዳር እስከ መሀል ስልሳ ሁለት ቦታ ከፍለው፣ እያንዳንዱን ለየብቻ መርምረውታል። የመርከቡ እርጥበት ያገኘው ዳር ዳሩ ሻግቷል፤ መሀሉ ንጹህ ነው። "እናትሽ በደንብ አድርቃዋለች፤ ጥፋቱ የመንገዱ ነው" አሉኝ። በዚህ ሰበብ ለሚላኖ ጉባኤ ያዘጋጁት ጥናት እንደቀረና ፕሮፌሰራቸው እንደተቆጧቸው ኋላ ከሌላ ሰው ነው የሰማሁት።

ንጹሁ ግማሽ ኪሎ አይሞላም። እሑድ በእሱ ቀይ ወጥ ሠርቼ ጠራኋቸው። "የአገር ቤት በርበሬ ከቀመስኩ ዘጠኝ ዓመቴ" አሉ፣ ትንሽ እየፈሩ። አንድ ጎረሱ። ሌላ ጎረሱ። እንባቸው ዱብ ዱብ አለ።

"በርበሬው ነው" አሉ።

እጄን ታጥቤ መጣሁና አውራ ጣቴን የዓይናቸው ቆብ ላይ አሳረፍኩ። "ዶክተር፣ ዓይንዎን ልየው።"

ቀልቷል፤ ቢጫ ግን የለበትም። እጃቸውን ጨበጥኩ።