የጋሽ ጀንበሬ ሚኒሞ

«ማን ነካት?! ይቺን ብሎን ማን ነው የነካት?!»

ጋሽ ጀንበሬ ናቸው። ገና አንድ ሰዓት አልሞላም፣ ሰፈራችን ባልባላ ግን በሙሉ ነቅቷል።

«ንፋስ ይሆናል ጋሼ» አልኩ።

«ንፋስ ካቻቢቴ ይይዛል እንዴ?»

በየሰፈሩ አንድ «ማን ነካው» አለ። እናንተም ሰፈር አይጠፋም። ሬዲዮ ይሁን በር፣ እሱ ያስቀመጠውን ነገር መልአክም አይነካም። የኛው ግን የሁሉም አለቃ ናቸው፤ ክቡር ጋሽ ጀንበሬ፣ የአሮጌ ፔጆ ፒካፕ ባለቤት፣ የካርቡሬተር ሊቀ ሊቃውንት። ፒካፗ ከኔ በሃያ ዓመት ትበልጣለች። የሰው ዕቃ እየጫነች እሳቸውን ታበላለች።

በሳምንት አንዴ ካርቡሬተሯን ያወርዱና ትሪ ላይ ይበታትኑታል። በቤንዚን ያጥባሉ፣ ቀዳዳውን ሁሉ በአፋቸው ይነፋሉ፣ ማሸጊያውን ከጫማ ካርቶን ቆርጠው ይሠራሉ። ሰባት ሰዓት ላይ ጫት ገብቶ ከተማው ሥራ ሲጥል እንኳ እሳቸው ከኮፈኑ ሥር አይወጡም። «የሞተር ነፍሱ ሚኒሞው ነው» ይላሉ። ሚኒሞ ማለት መኪናዋ ቆማ፣ ነዳጅ ሳትረግጥለት ሞተሩ በቀስታ የሚተነፍስበት ልክ ነው። እሱን የምታስተካክለዋ ብሎን ላይ በሚስታቸው የጥፍር ቀለም ምልክት አድርገዋል። ፀጉር ታህል ከዞረች ያውቃሉ።

እኔ ትምህርት ከስድስተኛ ክፍል ጥዬ ሚኒባስ ላይ ነው የምጮኸው። ሌላው ሙያዬ ሰው መኮረጅ ነው። ጋሽ ጀንበሬን ስኮርጅ፣ መዳፍ ኮፈን ላይ፣ ዓይን ጭፍን አድርጌ፣ «ዝም በሉ! እየሰማኋት ነው!» ስል ተሳፋሪው መውረጃውን ያልፋል።

አንድ ቀን ግን ኩረጃዬ ጉሮሮዬ ላይ ቀረ። ሐምሌ ነው፣ መብራት ጠፍቷል። ጎረቤታቸው ከይረዲን ፒካፗ ከተጠጋችበት የቆርቆሮ አጥር ወዲያ ጄኔሬተሩን አስነስቷል። ጋሽ ጀንበሬ መዳፋቸውን ፒካፗ ላይ ጭነው ብሎኗን ያዞራሉ። «መጣችልኝ! ስሟት እስቲ!»

የፒካፗ ሞተር ግን ከጠፋ ቆይቷል። መዳፋቸው ሥር የሚንቀጠቀጠው የከይረዲን ጄኔሬተር ነው።

ሰው ቆሞ ያያል። አንዱ ሊስቅ አፉን ሲከፍት የማስነሻ ቁልፉን መንጭቄ «እኔ ነኝ ያጠፋኋት!» ብዬ ጮህኩ።

«ማን ንካ አለህ?!» በዘይት ጨርቅ አባረሩኝ። ሰዉ በኔ ሳቀ። ይሳቅ። ጆሮው ለማይሰማ ሾፌር ማን ዕቃውን ይሰጣል?

በነጋታው ብቻቸውን ሳገኛቸው ጠጋ ብዬ «ጋሼ፣ ጆሮዎን ሐኪም ይየው» አልኳቸው።

«ጆሮዬን ለሷ ነው የማሳየው!» አሉ ወደ ፒካፗ እየጠቆሙ። ተጨቃጨቅን፣ መጨረሻው ውርርድ ሆነ። ቅዳሜ የሠርግ ዕቃ ጭነው ተራራው ላይ ወዳለችው አርታ ከተማ ይወጣሉ። ዳገቱ ላይ አንዴ ከጠፋች ሐኪም ቤት ይሄዳሉ። ሳትጠፋ ከወጣች እኔ ዕድሜ ልኬን እሳቸውን አልኮርጅም።

ቅዳሜ ጧት ብሎኗን የነካኋት እኔ ነኝ። ሩብ ዙር። ቀድመው ሲያስነሷት ታስል ነበር፣ እሳቸው አልሰሟትም፤ ሳሉ እንዲተዋት ነው ያዞርኳት። ውርርዱን ራሴን ላስበላ እንደሆነ የገባኝ ካቻቢቴውን ኪሴ ከከተትኩ በኋላ ነው። ለነገሩ ምልክቷን አይተው፣ ጮኸው፣ ወደ ድሮ ቦታዋ መለሷት።

እኔም ጎናቸው ተሳፍሬ ወጣን፤ ዳገቱ አጋማሽ ላይ ሳሏ ባሰባት። መሪው እጃቸው ላይ ሲንቀጠቀጥባቸው ነው መሰለኝ ጥግ ይዘው ቆሙ። ሞተሩ አልጠፋም። ኮፈኑን ከፈቱ፣ በአንድ እጃቸው ካቻቢቴ ያዙ። ሌላውን መዳፋቸውን ግን ፒካፗ ላይ አላደረጉትም። ደረቴ ላይ አደረጉት።

«ኮርጃት» አሉኝ።

«ማንን?»

«እሷን። እንዳለች ኮርጃት። እንዳታሳምርልኝ።»

ደረቴን ሞልቼ ጀመርኩ። ዱግ፣ ዱግ፣ ዱግ… እህ። ዱግ… እህ። ሳሏን አልደበቅኳቸውም። ዓይናቸውን ጨፍነው ብሎኗን አዞሩ፤ የጥፍር ቀለሙን አልፈው ሩብ ዙር። ሳሏ ቆመ። የኔም ቆመ።

«ጧት የነካት ሰው ቦታዋን ያውቅ ነበር» አሉ ሳያዩኝ።

«ንፋስ ነው አልኩዎት እኮ።»

ሳቃቸውን ኮፈኑ ውስጥ ደበቁት።

«ታዲያ ውርርዱስ?» አልኩ። «በኔ ጆሮ እኮ ነው!»

«ጆሮ መዋስ ክልክል ነው አላልክም። ደግሞም አልጠፋችም። ግባ!»

ገባሁ። ብትወጣ ሐኪም ቤት አይሄዱም፣ ብትጠፋ ያፍራሉ። የቱን እንደምመኝ ገና አላወቅኩም። ማርሽ ሲያስገቡ ከኋላችን አንድ ከባድ መኪና ጥሩምባውን አስጮኸው። አልዞሩም። ትከሻቸውን ነካ አደረግኋቸው።

«ማን ነካኝ?!»

ግማሹ ዳገት ገና ከፊታችን ነው።