ተቀባይ ያጣው ዘፋኝ

የዘፈን አጣማሪውን ጥሎ ብቻውን ለመዝፈን የቆረጠ ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ? አርፎ መቀመጥ አይችልም! ጎረቤቴ ታምሩ ለዓመታት ሰርግ ላይ የባህል ዘፈን ሲያዜም፣ ደረሰ የሚባል ጓደኛው ይቀበለው ነበር። በቀደም ግን «ተለያይተናል፤ ከእንግዲህ ብቻዬን ነኝ» አለኝ።

ቅዳሜ ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ሰርግ ተጠርቶ አብሬው ሄድኩ። ድንኳኑ ውስጥ ሲንቆራጠጥ ቆየና ማይኩን ያዘ። አንድ ስንኝ አዜመና እንደለመደው ደረሰ ይቆምበት ወደነበረው ወደ ግራው ዞሮ ጠበቀ። ማን ይቀበለው? ዝምታው ከመርዘሙ የተነሳ ሙሽሮቹ የሚያረጁ መሰለኝ።

ድንገት ከማዶው ብሎክ፣ ከሌላ ሰርግ ድንኳን፣ የስንኙ ምላሽ በስፒከር አስተጋባ። የደረሰ ድምፅ ነው! ለካ እሱም እዚያ ብቻውን ሊዘፍን ተጠርቶ፣ የታምሩን ድምፅ ሲሰማ አፉ አልታዘዝ ብሎት ሳያስበው ተቀብሎታል።

«ሰማኸው? ዛሬም አልለቀቀኝም!» ብሎ ታምሩ ጮኸብኝ።

ከዚያ የራሱን ስፒከር ወደዚያኛው ድንኳን አዞረና ሁለተኛውን ስንኝ ቀጠለ።