የአባቴ የሰማይ ስም

ሰው ሁለት ስም አለው፤ አንዱ ለቀበሌ፣ አንዱ ለሰማይ። የቀበሌውን አገር ይጠራዋል። የክርስትና ስማችን ግን እናታችን ጓዳ ተቀምጦ ይኖርና፣ ስንሞት "ማን ነበር ስሙ?" ተብሎ ፍለጋ ይጀመራል። እርስዎ የአባትዎን ያውቁታል? እኔ አላውቅም ነበር፤ ጉዱም የመጣው ከዚሁ ነው።

ከደብረ ብርሃን ተመድቤ ወረታ ማስተማር በጀመርኩ ዓመት፣ አከራዬ እማማ ጥሩዬ የሚካኤል ማኅበራቸው ውስጥ አስገቡኝ። ወር በገባ በአሥራ ሁለት እንሰበሰባለን፤ አባ ጸሎት ያደርሱና የየማኅበርተኛውን ሙታን በክርስትና ስማቸው ያነሳሉ። የመጀመሪያው ዕለት የሟች አባቴን ስም ሲጠይቁኝ ክው አልኩ። መምህር ነኝ ብዬ፣ የአባቴን ስም አላውቅም ልበል? ከልጅነቴ ጀምሮ ጆሮዬ ላይ የቀረ አንድ ስም ነበርና "ገብረ ሚካኤል" አልኩ። ስድስት ዓመት ሙሉ ማኅበርተኛው ለገብረ ሚካኤል "ነፍስ ይማር" ሲል፣ ከሁሉ አብልጬ የምጮኸው እኔ ነበርኩ።

ዘንድሮ ተራው ደረሰኝ። ላጤ ነኝና የአባቴ እኅት አክስቴ አስካለ ጠላውን ልትጠምቅልኝ ከደብረ ብርሃን መጣች። ሩዝ የተቀላቀለበትን የፎገራ እንጀራ "ይኼ ደግሞ ምን የሚሉት ነው?" እያለች ስታማ ሰነበተች። በበዓሉ ዕለት አባ ያንን ስም ሲጠሩ ግን የያዘችውን የጠላ ጆግ ለቀቀችው። "ወይኔ ወንድሜን! ስመጣ ደህና አልነበር እንዴ? ምነው ደበቃችሁኝ?" ብላ ደረቷን መታች። ለካ ገብረ ሚካኤል የአባቴ ታላቅ ወንድም፣ በሙሉ ጤናቸው ያሉት ጋሼ ደምሴ ናቸው!

መርዶ የሰማ ጎረቤት መቼም ምክንያት አይጠይቅም። እማማ ጥሩዬ ቀድመው አለቀሱ፣ ማኅበርተኛው ተከተለ። ድግሴ ለቅሶ ቤት ሆኖ አረፈው።

ምን ይዋጠኝ? ጥፋቴን ሁሉ ዘረገፍኩ። አክስቴም በእንባዋ መሀል የአባቴ ስም ወልደ ሰንበት እንደነበር ነገረችኝ። ስድስት ዓመት አባቴን ያነሳው የለም ማለት ነው? ያ ሁሉ ጸሎትስ የት ገባ? አባን ብጠይቃቸው ጢማቸውን እየዳበሱ፣ የት እንደገባ እሳቸውም ለማወቅ እንደሚጓጉ፣ ለጊዜው ግን አባቴን ዛሬውኑ ብናነሳ እንደሚሻል ነገሩኝ። "ወልደ ሰንበት" ሲሉ አለቀስኩ፤ ያን ቀን ለትክክለኛው ሟች ያለቀስኩት እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም።

አክስቴ ግን የወንድሟን ድምፅ ካልሰማሁ ብላ አስደወለችኝ። ጋሼ ደምሴ ነገሩን ሲሰሙ መጀመሪያ ከት ብለው ሳቁ። ከዚያ "ስድስት ዓመት ሙሉ?" ብለው ጠየቁኝ። ተቀየሙ ብዬ ይቅርታ ልጠይቅ ስል፣

"ተው እንጂ፣ ጸሎቱን እንዳታቋርጠው!" አሉኝ። "የኔዎቹም ልጆች የክርስትና ስሜን አያውቁትም።"