የጋሽ ባንተይርጋ ሰማያዊ ክላሰር

መስኮት ባለበት መሥሪያ ቤት ሁሉ፣ መስኮቱን እንደ ግል ንብረቱ የሚቆጥር አንድ ጡረተኛ አይጠፋም። የራሱ ጉዳይ የለውም። የጎረቤቱ፣ የጎረቤቱ አማት፣ አውቶቡስ ውስጥ አጠገቡ የተቀመጠች ሴትዮ ጉዳይ ግን አለው። ሰልፍ ያስተካክላል፣ የሰው ማመልከቻ ያርማል፣ ሠራተኛዋንም ሥራዋን ያስተምራታል። ሰመራ ውስጥ፣ በጤና መድህን ቢሮ ሦስተኛው መስኮት ላይ ለምትሠራው ለእናትነሽ የደረሷት ክቡርነታቸው ጋሽ ባንተይርጋ ነበሩ።

ጋሽ ባንተይርጋ የሚኖሩት አዋሽ ሰባት ኪሎ፣ ልጃቸው ቤት ነው። በወር አንድ ጊዜ የአዋሽን አዛውንቶች ችግር ሁሉ በሰማያዊ ክላሰር ይዘው፣ ወደ ጅቡቲ በሚወርድ ከባድ መኪና ጋቢና ተሳፍረው ይመጣሉ። ሾፌሮቹ ሒሳብ አይጠይቋቸውም፤ የግማሾቹን እናትና አባት የመድህን መታወቂያ ያሳደሱት እሳቸው ናቸውና። ገዋኔ ላይ ሻይ፣ ሎጊያ ላይ አዳር፣ ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል ሲል እናትነሽ መስኮት ላይ ከች!

«ልጄ፣ እንደምን አደርሽ? ሲስተሙስ እንደምን አደረ?»

«ሲስተም የለም፣ ጋሼ።»

«እስኪመጣ እንቀመጣለና። ወረቀት አይሞትም፤ ይተኛል እንጂ።»

ወንበር ይስባሉ፤ የአሳይታ ወሬም ይጀመራል። አሳይታ የአፋር ክልል ዋና ከተማ በነበረችበት ዘመን የመዝገብ ቤት ኃላፊ ነበሩ። መብራት ሲጠፋ ፋይል በዳበሳ ያወጡ ነበር። ማታ ማታ ከወንዙ በኩል ነፋስ ሲመጣ፣ ሠራተኛው ሁሉ አልጋውን ደጅ አውጥቶ ከአልጋ አልጋ እየተጠራራ ሲጫወት ያመሽ ነበር። ቢሮዎቹ ወደ ሰመራ ሲዛወሩ ፋይሎቹን አይሱዙ ላይ አስጭነው፣ እሳቸው ከላይ ተቀምጠውባቸው መጡ፤ ቤታቸው ግን እዚያው አሳይታ ቀረ። «አንዲት ወረቀት ነፋስ አልወሰደብኝም!» ይላሉ እስከ ዛሬ። እናትነሽ ይህን ታሪክ ከሰላምታዋ በላይ ታውቀዋለች።

አንድ ጊዜ የአንዲት አሮጊት መታወቂያ በሾፌር እጅ ሲላክ፣ የመኪናው መስታወት ሥር ተቀምጦ ፎቶው በፀሐይ ነጥቶ ደረሰ። እናትነሽ አልቀበልም አለች። በማግሥቱ ጋሽ ባንተይርጋ ሴትዮዋን ራሷን ይዘው ከች አሉ። «ፎቶው ጠፋ እንጂ ፊቷ አልጠፋም» አሏት።

ሌላ ጊዜ የአቶ ሁመድ ያዮ ዕድሜ የሚረጋገጥበት ሰነድ ጠፋ። ጋሽ ባንተይርጋ ሦስት የአፋር ሽማግሌዎች አምጥተው መስኮቱ ሥር አስቀመጧቸው። ሽማግሌዎቹ ዳጉ በሚሉት የወሬ መለዋወጥ ወጋቸው፣ ማን ከየት መጣ፣ ዝናቡ የት ዘነበ፣ የትኛው ግመል ስንት ወለደች እያሉ፣ ሁመድ እስከተወለደበት ክረምት ድረስ አንድ ሰዓት ተኩል ወደ ኋላ ተጓዙ። «አልሐምዱሊላህ፣ ደረስን» አሉ ሲጨርሱ። እናትነሽ እጇ እስኪዝል ጻፈች። ጋሽ ባንተይርጋ ግን «ግልባጩስ?» አሉ።

ያለ ግልባጭ የሚሠራ ሰው አይወዱም። መሸኛ ሳያወጣ ከተማ የሚቀይር ሰው ደግሞ ጭራሽ አይወዱም። ከገዋኔ ወደ አዋሽ የመጣችን አንዲት ባልቴት ሰው ፊት ተቆጧት፤ «ከቀበሌሽ መሸኛ ሳትይዢ መምጣት፣ ሳይሰናበቱ መሄድ ማለት ነው!»

ሚያዝያ ላይ ቀሩ። ግንቦትም ቀሩ። መስኮቱ ጸጥ አለ፤ እናትነሽም ሥራዋን በሰላም ሠራች። ሰላሙ ግን አልጣማትም። ሲስተም ሲጠፋ ባዶውን ወንበር ታያለች።

ሰኔ መግቢያ ላይ ትግሉ የሚባለው ሾፌር ክላሰሩን ብቻውን አመጣው። «ዓይናቸውን ሞራ ጋርዶታል» አላት። «በዘመቻ የሚመጡ ሐኪሞች የሚሠሩለት ቀዶ ጥገና የዛሬ ሳምንት ነው። ካለፋቸው እስከ መስከረም ሐኪሞቹ አይመለሱም። ሰፈራቸው ያለው ጤና ጣቢያ ደግሞ ሪፈር አንጽፍም፣ የተመዘገቡት እዚህ አይደለም አላቸው።»

እናትነሽ ክላሰሩን ገለጠችው። የሰው ሁሉ ወረቀት በሦስት በሦስት ግልባጭ ተሰድሯል። ከመጨረሻው ገጽ ላይ የራሳቸው መታወቂያ አለ፤ በየዓመቱ የታደሰ፣ አሳይታ የተመዘገበ። መሸኛ የለም። መጀመሪያ ሳቀች፣ ከዚያ ተናደደች፣ ከዚያ ደወለች።

«ጋሽ ባንተይርጋ፣ መሸኛዎስ?»



«ልጄ፣ ባለቤቴን አስካለማርያምን የቀበርኳት እዚያ አሳይታ፣ ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ነው» አሉ። «መሸኛ ያወጣሁ ለት ትቻት ሄድኩ ማለት ነው። አልቻልኩም።»

እናትነሽ ስልኩን ዘግታ እንደ ሠራተኛ ማሰብ ጀመረች። አሁን ወደ አዋሽ ቢዛወሩ አዲሱ ምዝገባ እስኪጸና ቀጠሮው ያልፋል። አሳይታ የተመዘገበ ሰው ግን አሳይታ ጤና ጣቢያ ታይቶ ሪፈር ማግኘት ይችላል። የሁለት ቀን ፈቃድ ጠየቀች።

ትግሉ ሰመራ ድረስ አመጣቸው፤ ከዚያ በሚኒባስ ወሰደቻቸው። አሳይታ ሲቃረቡ መስኮቱን አስከፈቷት። «ወንዙ ሸተተኝ» አሉና እስኪደርሱ ድረስ አልተናገሩም። እናትነሽ እሳቸውን ዝም ብለው አይታቸው አታውቅም፤ ያን ያህል እንደምትወዳቸውም ያወቀችው ያኔ ነው።

በጤና ጣቢያው ሐኪሙ ካያቸው በኋላ የመድህን መስኮቱ ላይ ያለው ወጣት ቀና ሳይል «ሲስተም የለም» አለ።

እናትነሽ ወንበር ሳበች። «እስኪመጣ እንቀመጣለና። ወረቀት አይሞትም።»

ሲስተሙ ከቀትር በኋላ መጣ። ልጁ ደህና ልጅ ነበር፤ ሪፈሩን ጽፎ ማኅተም እያነሣ «አዋሽ ነው አሉ የሚኖሩት፤ ለወደፊቱ እንዳይቸገሩ መሸኛውንም ከቀበሌ ላስጨርስላችሁ?» አለ።

ጋሽ ባንተይርጋ ከዘራቸውን ጨበጡ። እናትነሽ በሰመራው መስኮቷ ላይ ስንቱን ሰው «መሸኛ አምጣ» ብላ መልሳለች።

«አይ» አለች። «ሪፈሩን ብቻ።»

ማኅተሙ ጠረጴዛው ላይ ዷ! አለ። ከኋላዋ የታወቀው ድምፅ መጣ።

«ግልባጩስ?»

«ሦስት አስደርጌያለሁ፣ ጋሼ።»

«እንግዲያው በቤተ ክርስቲያኑ በኩል እንለፍ» አሉ። እናትነሽ ክላሰሩን በአንድ እጇ፣ እሳቸውን በሌላው ይዛ ወጣች።